ሌንሳና የውሃው አድራሻ

አልፌያለሁ! ወደ አስራ ሁለተኛ ክፍል አልፌያለሁ!

ትናንት ከሰዓት የክፍል ኃላፊያችን ካርዴን ሲሰጠኝ ደረጃዬን እንኳ አላየሁም። "ተዛውራለች" የሚለውን ቃል ብቻ አይቼ በሩጫ ወጣሁ። ከትምህርት ቤት እስከ ብሎካችን ያለውን መንገድ ግማሹን ሮጥኩ፣ ግማሹን ዘለልኩ። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ጎሮ ፀጉር ቤቷ ውስጥ የሰው ፀጉር በእጇ እንደያዘች እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ፣ ሳላስበው የቤታችንን በር አልፌ፣ አንድ ፎቅ ጨምሬ በር አንኳኳሁ።

የከፈተልኝ የማላውቀው ሰውዬ ነው። ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጓል።

"ማንን ፈልገሽ ነው?"

ሌንሳን ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሌንሳ ከሄደች እኮ ቆየች። ቤቱን የተከራየው እሱ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ፤ ደስታዬ ግን አብሮኝ አልወረደም፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ የቀረ መሰለኝ። ስለዚህ ስለ እሷ ልጽፍ ነው። ድሮ "ስለማትረሱት ሰው ጻፉ" ስንባል አራት መስመር ጽፌ እስክሪብቶ የምነክስ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ እጄ አልያዝ ብሎኛል። አንዱን አንቀጽ መስኮት ላይ ቆሜ፣ አንዱን አልጋ ላይ ተደፍቼ እየጻፍኩ ነው። ስለ ሌንሳ ሲጻፍ ደግሞ አርፎ መቀመጥ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ስለ ውሃው ላስረዳ። የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱ አይታወቅም፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ሲመጣም ወደ ፎቅ አይወጣም፤ ታች ካለው ቧንቧ በጀሪካን ተሰልፎ ነው የሚቀዳው። በሰዓቱ ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፈዋል፣ በርሜሉም እስከሚቀጥለው ፈረቃ ባዶ ይሆናል። አባቴ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። እናቴ ጠዋት ወጥታ ጎሮ ትውላለች። እንግዲህ በውሃ ቀን ቤት የሚቀረው ማን ነው? እኔ ነኛ።

ይኼ ነገር አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ከበደ። የክፍል ኃላፊያችን ጠርቶ "ፍረወይኒ፣ ከዚህ በኋላ ከቀረሽ ፈተና ላይ አላስቀምጥሽም" አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ደንቡ ነው። ለእናቴ ስነግራት የበርሜሉን ክዳን ከፍታ አየች፣ መልሳ ከደነችው።

በሚቀጥለው የውሃ ቀን፣ ምናልባት ቶሎ ከመጣ እደርሳለሁ ብዬ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ታች ጀሪካናችን ላይ ተቀምጬ ነበር። ከላይ የነጠላ ጫማ ድምፅ ጠብ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ። ሌንሳ ናት። በዚያ ድምፅ የት ፎቅ እንደደረሰች የብሎኩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላለች፣ በአንድ እጇ ዳቦ፣ በአንድ እጇ ስልክ። አልፋኝ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰች።

"አንቺ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?"

"አለ።"

"ታዲያ?"

"ውሃ እየጠበቅኩ ነው።"

"ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?"

"አይታወቅም።"

"አይታወቅም ማለት?" የተሰደበች ነው የመሰለችው። "መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው?"

"አባባ ጫኔ። ጥበቃው። ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ሲያፏጭ ይሰማቸዋል።"

"ስልክ አላቸው?"

"ትንሽዬ፣ ባለ ቁልፍ።"

"ቆይ ቆይ ቆይ!" አለችና ዳቦዋን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ላይ ሮጠች። ከሦስተኛው ፎቅ አጥር ላይ አንገቷን አውጥታ "ኮቱ!" ብላ ጮኸችብኝ። ግራ ሲገባኝ ጊዜ "ነይ ማለቴ ነው እኮ! እስካሁን ኦሮምኛ አላስተማሩሽም?" አለች።

ሌንሳ የነቀምቴ ልጅ ናት። ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ነው የምትሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከቤት። ሰው ዕቃ ሲያዝ መልእክቱ ለሾፌሩ እንዲደርስ የምታደርገው እሷ ናት። ተቀምጣ ስትሠራ ያያት የለም። ኮምፒውተሯ የልብስ ቁም ሳጥኗ ጫፍ ላይ ነው ያለው፤ ቆማ ትጽፋለች፣ ቆማ ትበላለች፣ ስልክ ስታወራ ከበር እስከ መስኮት ትመላለሳለች፣ ከስልኩ መሀል መሀል ደግሞ መዝሙር ታንጎራጉራለች። እሁድ እሁድ ቸርቿ ውስጥ እንኳ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆማ እንደምታመልክ ነግራኛለች። አንድ ጊዜ ረቡዕ ቀን ኬክ ይዛልን መጣች። እናቴ "ሌንሳ፣ ጾም ነው እኮ" ስትላት፣ "ውይ! የእናንተ ረቡዕ ከእኛ ረቡዕ እንደሚለይ ረሳሁት" ብላ ኬኩን በር ላይ ቆማ ለብቻዋ በላችው። እናቴ ሳቅ ገድሏት "ጓለይ፣ ቢያንስ ግቢና ብዪ" አለቻት። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ስም ሰጥታት አታውቅም።

ያን ቀን ቤቷ ስገባ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክታ ጠበቀችኝ። ሐሳቧ እንዲህ ነው፦ አባባ ጫኔ ቧንቧው ሲያፏጭ ወደዚህ ስልክ ቴክስት ይልካሉ። ስልኩ ላይ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ የሚያስተላልፍ አፕ አለ። አድራሻው ደግሞ መልእክቱን የብሎካችን ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። እናቴ ጎሮ ሆና ታየዋለች፣ ታክሲ ይዛ ትደርሳለች፣ እኔ ክፍል ውስጥ እሆናለሁ።

"ግን እኮ" አልኳት፣ "አድራሻው አንድ ነው። መልእክቱ በየቀኑ ይለያያል። እንዴት ነው አስቀድመሽ የምትጽፊው?"

ጣቶቿን አጮኸች። እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ስትጠየቅ ዓይኗ ይበራል።

"ታክሲ አስቢ። ወንበሩ ያው ወንበር ነው፣ ተሳፋሪው ነው የሚቀያየረው። አድራሻው ውስጥ ወንበር እተዋለሁ። እዚህ ጋ 'መልእክት' ብዬ በቅንፍ ጻፍኩ፣ እዚህ ጋ 'ሰዓት' ብዬ በቅንፍ ጻፍኩ። አፕዋ ስትልክ ቅንፎቹን አንስታ በቦታቸው የዛሬውን ታስገባለች። ተለዋዋጭ ይሉታል። ምንም ምሥጢር የለውም።"

ከዚያ እየተንቆራጠጠች አሰበች። "ሰዓቱ! ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚወጣው። ጠዋት ሁለት ሰዓት የመጣ ውሃ 'ስምንት' ብሎ ቢለጠፍ እናትሽ ከምሳ በኋላ ነው የምትመጣው!" ስድስት ሰዓት እንዲቀንስ አደረገችው። እኔ አፌን ከፍቼ አያታለሁ። ይኼን ያሰበች ሰው ምን ልትረሳ ትችላለች?

ሞከርነው። ከእኔ ስልክ "ሙከራ" ብዬ ላክሁ፤ ግሩፑ ላይ "ሙከራ" ብሎ ከነሰዓቱ መጣ። "ውሃ" ብዬ ላክሁ፤ "ውሃ" ብሎ መጣ። ሌንሳ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጨፈረች፣ እኔም አብሬያት ጨፈርኩ፣ የታችኛው ቤት ሰዎች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እስኪመቱ ድረስ።

የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ዳምጠው ነገሩን ሲሰሙ ወደዱት፣ እንደ ልማዳቸውም አንድ ነገር ጨመሩበት። "ውሃው የሚቀርበት ቀንም ይገለጽ። ሕዝቡ ሳያውቅ መዋል የለበትም" አሉና ለአባባ ጫኔ መመሪያ ሰጡ።

የመጀመሪያው የውሃ ቀን መጣ። እናቴ እያመነታች "እሺ፣ ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ። በቀኑ መሀል መምህራን ስብሰባ ስለነበራቸው ቶሎ ተለቀቅን። ብሎካችን ስደርስ ታች ቧንቧው ጋ ሰው እንደ ገበያ ቀን ተጋፍቷል። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ በርሜል የሚያንከባልል ሰው፣ ሳሙና እፊቷ ላይ የደረቀ ሴትዮ ሳይቀር። ቧንቧው ግን ደረቅ።

"የታል ውሃው?" ይላሉ ጋሽ ዳምጠው።

"የምን ውሃ?" ይላሉ አባባ ጫኔ።

"ውሃ ብለህ አልጻፍክም?"

"አልመጣም ነው ያልኩት እኮ! ያውና!" ትንሿን ስልካቸውን እየዞሩ ለሁሉም ያሳያሉ። "'ውሃ አልመጣም።' ፊደል ፊደል እየለቀምኩ ነው የጻፍኩት፣ አውራ ጣቴ እስኪያብጥ!"

የሁላችንም ስልክ ላይ ግን፣ ግሩፑ ውስጥ፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ ያለ ሰዓት፣ ተለጥፋለች። "ውሃ።"

በዚህ መሀል አንድ ላዳ መጥቶ ቆመ። እናቴ ወረደች። ከኋላዋ ደግሞ አንዲት የማናውቃት ወይዘሮ ወረዱ፤ ግማሽ ጭንቅላታቸው ሹሩባ፣ ግማሹ ብትንትን ያለ ፀጉር፣ አንገታቸው ላይ የፀጉር ቤቱ ፎጣ።

"ጥለሽኝማ አትሄጂም አልኳት!" አሉ ለሚሰማቸው ሁሉ። "ከሰዓት ሰርግ አለብኝ! እንዲህ ሆኜ ልግባ?"

ጋሽ ዳምጠው ተገርመው "ይቅርታ፣ እርስዎ ደግሞ የየትኛው ብሎክ ነዎት?" አሏቸው።

"የጎሮ!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ደረቁን ቧንቧ አየች፣ እኔን አየች።

የነጠላ ጫማው ድምፅ ከላይ እየሮጠ ወረደ። ሌንሳ የአባባ ጫኔን ስልክ ተቀብላ አነበበች፣ ግሩፑን አየች፣ ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

"ክፍተቱ! በሁለቱ ቃል መሀል ያለው ክፍተት! አድራሻ ክፍተት አይወድም። ክፍተት ሲያገኝ አለቀ ብሎ ይቆማል። በአንድ አንድ ቃል ብቻ ነው የሞከርኩት። በአንድ ቃል!" ያንን ሁሉ የሰዓት ስሌት ያሰበች ልጅ እኮ ናት።

ወዲያው ታስተካክለዋለች፣ ይኼን ማንም አልተጠራጠረም። እናቴ ግን ደረጃው ሥር እንዲህ አለቻት፣ ሳትቆጣ፣ ይኼ ነው የባሰው። "ጓለይ፣ ልፋትሽን እግዚአብሔር ይክፈልሽ። እኔ ግን እንዲህ አይነት ልብ የለኝም። ከሚቀጥለው ጀምሮ ፍሬ ቤት ትሆናለች።"

"እማ! የሚቀጥለው እኮ የፈተና ሳምንት ነው!"

"አውቃለሁ።"

"አያስቀምጡኝም አልኩሽ እኮ!"

"ባዶ በርሜል ይዤ ምን ልሁን ፍሬ? አንቺው ንገሪኝ።"

እናቴ ወይዘሮዋን ይዛ ወደ ጎሮ ተመለሰች፣ እኔም ቤት ገብቼ ደብተሬን ሳልከፍት ተቀመጥኩ።

ማምሻውን ሌንሳ በየቤቱ እያንኳኳች ይቅርታ ስትጠይቅ ከደረጃው ይሰማ ነበር። እኛ ጋ ስትደርስ እናቴ በሩን ግማሽ ከፈተችላት። ሌንሳ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እየተቀያየረች ቆመች።

"እትዬ ለተብርሃን፣ ማሽኑን አይመኑት። አስተካክዬዋለሁ፣ ግን አይመኑት። በፈተናው ሳምንት እኔ ታች እቀመጣለሁ። በፍሬ ቦታ።"

"አንቺ?" እናቴ ሳቋ አመለጣት። "ምሳሽን እንኳ ቆመሽ የምትበዪ?"

"እቀመጣለሁ አልኩ።"

"ሥራሽስ?"

"እዚያው እሠራለሁ። ፍሬ ትፈተን እንጂ ሌላው የእኔ ጉዳይ ነው።"

እናቴ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈተችው።

የፈተናው ቀን ጠዋት ስወርድ ሌንሳ ጀሪካናችን ላይ ተቀምጣለች። ኮምፒውተሯ ጭኗ ላይ፣ ጉልበቶቿ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገባሉ። ልስቅ ስል "ሂጂ! አትይኝ! ካየሽኝ እነሳለሁ!" ብላ አባረረችኝ። የቀረውን የነገሩኝ አባባ ጫኔ ናቸው። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሲቀልድባት ነበር። "ሌንሳ ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?" "ማን አስሮልን በሆነ ስንል ነበር!" እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ውሃ የምትጠጣው እንኳ አባባ ጫኔ እያቀበሏት ነበር። ቧንቧው ሲያፏጭ እሳቸው ስልካቸውን አወጡ፣ እሷ ትንፋሿን ያዘች። ግሩፑ ላይ እንዲህ የሚል መጣ፦ "ውሃ መጥቷል። ግፊቱ ደካማ ነው። ሳትጋፉ ቀስ ብላችሁ ኑ።" አንድም ቃል አልጎደለም።

እናቴ መልእክቱን አይታ ከጎሮ ስትደርስ በርሜላችን ሞልቷል፣ ጀሪካኖቹ ሞልተዋል፣ የማድቤቱ ድስት ሳይቀር ሞልቷል። ሌንሳ እናቴ በሰጠቻት ቁልፍ ከፍታ፣ ያን ሁሉ በደረጃ አመላልሳ፣ በራችን ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እኔም ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ እንደዚያው አገኘኋት። እናቴ ነጠላዋን አልብሳት አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "እሽሽ" አለችኝ። ሌንሳን ጸጥ ብላ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ከውሃ የተነሳ አንድም ቀን አልቀረሁም። እናቴ መልእክቱ ሲመጣ ፀጉር ቤቷን ዘግታ ትመጣለች። ደንበኞቿን ግን አስቀድማ "መሀል ላይ ልነሳ እችላለሁ" ትላቸዋለች።

ሌንሳ የሄደችው ድርጅቷ ሐዋሳ ቅርንጫፍ ሲከፍት ነው። ዕቃዋን ካሰረች በኋላ ጠራችኝ፣ ያን አሮጌ ስልክ አስያዘችኝ፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ የጻፈችውን አድራሻ በሙሉ አጠፋችው።

"ምን አደረግሽ!"

"ጻፊው።"

"ካበላሸሁትስ?"

"ታበላሺዋለሻ! እኔ አላበላሸሁም? ሴትዮዋን በግማሽ ሹሩባ ከጎሮ ያመጣሁ እኔ አይደለሁም?"

ጻፍኩት። መጀመሪያ ቅንፉን ሳልዘጋው ቀርቼ እምቢ አለ። ደግሜ ጻፍኩ። ለመልእክቱ ወንበር ተውኩ፣ ለሰዓቱ ወንበር ተውኩ፣ ክፍተቱን አድራሻው በሚያውቀው ምልክት እንዲተካ አደረግኩ። እሷ ከኋላዬ ከበር እስከ መስኮት ትመላለሳለች።

"አሁን ሞክሪው። በሁለት ቃል!"

ስልኬን አወጣሁ። ምን እንደምጽፍ አላሰብኩበትም። "ሌንሳ አትሂጂ" ብዬ ላክሁት።

መጣ። ሳይቆረጥ መጣ። የብሎኩ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ መጣ። ሌንሳ አነበበችውና መመላለሷን አቆመች። ከዚያ መልሱ ይዘንብ ጀመር። "እውነት ነው አትሂጂ።" "ማን ሊረብሸን ነው?" የታችኛው ቤት ሰዎች "መጥረጊያችን ሥራ ፈታ" ብለው ጻፉ። ጋሽ ዳምጠው "ይህ ግሩፕ ለውሃ ጉዳይ ብቻ መሆኑን እናሳስባለን" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጨመሩ፦ "ግን አትሂጂ።"

ሄደች። ሥራ ነው። አቅፋኝ ስታለቅስ እንኳ በእግሯ ጣቶች ትነሳ ትቀመጥ ነበር።

ትናንት ከማላውቀው ሰውዬ በር ወርጄ ደወልኩላት። የንፋስ ድምፅ ይሰማል፣ መንገድ ላይ ናት።

"ሌንሳ፣ አለፍኩ!"

"ቆይ ቆይ ቆይ፣ ድገሚው!"

"አልፌያለሁ!"

መንገድ መሀል እልል ስትል ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ። "እሺ፣ አሁን ምን እየሠራሽ ነው?" አለችኝ።

"ምንም። እየተደሰትኩ ነው።"

"ተደሰቺ። ከመስኮትሽ ማዶ ያሉት ብሎኮችስ? እዚያ ጠዋት ጠዋት ውሃ የምትጠብቅ ሴት ልጅ የለችም?"

በመስኮት አየሁ። ድምፄን አውጥቼ ብሎኮቹን መቁጠር ጀመርኩ።

"ብሎኮቹን አትቁጠሪ" አለች። "ልጆቹን ጥሪያቸው። እኔ እዚያ ብሆን እንደምጠራቸው አድርገሽ ጥሪያቸው።"

እነሆ እየጠራሁ ነው። ይኼን የምታነቢ አንቺ፣ በየትኛውም ብሎክ ብትሆኚ፣ በውሃ ምክንያት ከክፍል የምትቀሪ ከሆነ ወደ አባባ ጫኔ ብሎክ ነይ። ስማቸውን ከጠራሽ የማያሳይሽ የለም። መስታወቱ ይሰንጠቅ፣ ቻርጅ ይያዝ ብቻ፣ አንድ አሮጌ ስልክ አምጪ። የቧንቧችሁን ፉጨት ቀድሞ የሚሰማውን ሰው ስልክ ቁጥርም ጠይቀሽ ነይ። አድራሻውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ እኔ ከጎንሽ ነኝ። እናትሽ "በማሽን አላምንም" ካለች አትከራከሪያት፣ ልክ ናት። ክረምቱን በሙሉ እዚሁ ነኝ። እስክታምን ድረስ ጀሪካንሽን እኔ ጋ ተዪውና ወደ ክረምት ትምህርትሽ ሂጂ። ሞልቶ ይጠብቅሻል።